ወደ ሳይት የምትመጣውን ተለማማጅ ቢሮ አታስቀምጧት
ለዓመታት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሴቶችን ዝቅ ባለ መግቢያ ነጥብ ሲቀበሉ ቆይተዋል። ደግ ነው፤ ግን በር ከመክፈት አያልፍም። ሲቪል ምህንድስና የምትማር ልጅ ዋናው ፈተና የሚገጥማት ለኢንተርንሺፕ ስትወጣ ነው። ወንዱ ፌሮ እንዲቆጥር፣ ሙሌት እንዲከታተል ይላካል። እሷ «ፀሐይ እንዳይመታሽ» ተብላ ቢሮ ውስጥ የክፍያ ሰነድ ትተይባለች፤ ያውም በደግነት! ስትመረቅ ደግሞ «የሳይት ልምድ የላትም» ትባላለች።

የሳይት መሐንዲሶች፦ በልኳ የሆነ የደህንነት ጫማ ስጧት፤ የሚቆለፍ የሴቶች መጸዳጃም ይኑር። የኮንክሪቱን ስላምፕ ቴስት እሷ ትሥራው። ኮኑን በሦስት ንብርብር ትሙላ፣ እያንዳንዱን 25 ጊዜ በዘንጉ ትውጋ፣ ውጤቱንም ራሷ መዝግባ ትፈርም። ፎርማኑ ያኔ ቁጥሩን ከእሷ መጠየቅ ይለምዳል።

መምህራንም ሪፖርቷን ስታርሙ ምን እንደሠራች ጠይቋት። ትየባ ብቻ ከሆነ ለድርጅቱ ደውሉ።