ፍላክስ፦ ከአንድ ወጥ ፕሮግራም ወደ ተነጣጣይ ተቆጣጣሪዎች

ፍላክስ የተባለው ሶፍትዌር በአንድ ክላስተር ላይ የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው እትም፣ በስንት ቅጂ መሥራት እንዳለበት የሚደነግጉ ፋይሎችን ከኮድ ማከማቻ እያነበበ ክላስተሩን ከድንጋጌው ጋር የሚያስማማ የማሰማሪያ መሣሪያ ነው። ክላስተር ማለት እንደ አንድ ትልቅ ማሽን እንዲያገለግሉ የተሳሰሩ ሰርቨሮች ስብስብ ሲሆን፣ ፍላክስ የሚሠራው የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረጉት፣ ኩበርኔቲስ በተባለው የክላስተር ማስተዳደሪያ ላይ ነው። የመሣሪያው ታሪክ አጭር ቢሆንም፣ ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ተጠቃሚ ያፈራውን ፕሮግራማቸውን ትተው ያንኑ ሥራ በበርካታ ትንንሽ ፕሮግራሞች እንደገና ማዋቀር መጀመራቸው የሶፍትዌር አደረጃጀትን ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል።

የኩበርኔቲስ ተጠቃሚ የሚፈልገውን ውጤት ይጽፋል እንጂ ወደ ውጤቱ የሚያደርሱትን ትእዛዞች በየተራ አይሰጥም፤ ኮንትሮለር ወይም ተቆጣጣሪ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈውን በተግባር ካለው ጋር ያለማቋረጥ እያነጻጸረ ልዩነቱን ያጠፋል። ሦስት ቅጂ እንዲሠራ ተጽፎ አንዱ ቢወድቅ፣ ማንም ሳያዝዝ ሌላ ይተካል። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ዊቭወርክስ ኩባንያ ይህንኑ ሐሳብ አራዝሞ፣ ተፈላጊው ሁኔታ የሚጻፍበት ዋና ቦታ ጊት እንዲሆን አደረገ። ጊት የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ከለዋጩና ከጊዜው ጋር የሚመዘግብ ሥርዓት በመሆኑ፣ በክላስተሩ ላይ የታዘዘውን ወደ ኋላ ተመልሶ ለመመርመርም ለመሻርም ያስችላል። ኩባንያው ፍላክስን እ.ኤ.አ. በ2016 ጀመረ፤ በ2017 ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚው አሌክሲስ ሪቻርድሰን አሠራሩን ጊትኦፕስ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ከኩባንያው ዕድሜ በላይ ኖሯል።

የመጀመሪያው ፍላክስ ዋና አካል ፍላክስዲ የተባለ አንድ ፕሮግራም ነበር። ይህ ፕሮግራም ማከማቻውን ይቀዳል፤ የድንጋጌ ፋይሎቹን አንብቦ በክላስተሩ ላይ ይተገብራል፤ ኢሜጆች፣ ማለትም ከሚያስፈልጋቸው ነገር ሁሉ ጋር የታሸጉ ፕሮግራሞች፣ የሚቀመጡባቸውን ማኅደሮች እየጎበኘ አዲስ እትም መውጣቱን ይከታተላል፤ አዲስ እትም ሲያገኝም የድንጋጌውን ፋይል ራሱ አርሞ ወደ ማከማቻው መልሶ ይልካል። ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ጥሩንባ ነፊው አንድ ሰው የሆነበትን እድር ለሚያውቅ አንባቢ አደረጃጀቱ እንግዳ አይሆንበትም፤ አባላቱ ጥቂት ሳሉ እንዲህ ያለው እድር ከሌላው ሁሉ የቀለጠፈ ነው። ፍላክስዲም እንደዚሁ በአንድ ትእዛዝ ይተከል፣ ስህተቱ በአንድ የክንውን መዝገብ ይፈለግ፣ ለመማርም አንድ ከሰዓት ይበቃው ነበር። ወጥ የሆነ ፕሮግራም ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚለው አነጋገር፣ በባለሙያዎች ዘንድ ተደጋግሞ ቢሰማም፣ በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ አይሠራም።

ችግሩ የመጣው ቡድኖቹና ማከማቻዎቹ ሲበዙ ነው። አንድ ፍላክስዲ የሚከታተለው አንድ ማከማቻ ብቻ ስለነበር፣ አሥር ማከማቻ ያለው ድርጅት አሥር ጊዜ መትከል ነበረበት፤ የማኅደር ጉብኝቱም ሆነ የማስታወሻ ፍጆታው በዚያው ልክ ይባዛ ነበር። በአንድ ፋይል ውስጥ የተፈጠረ የአጻጻፍ ግድፈት የማከማቻውን ሙሉ ትግበራ ሊያስቆም ይችል ስለነበር፣ የአንዱ ቡድን ጥፋት የሌላውን ሥራ ያግድ ነበር። ፕሮግራሙ የደረሰበትን ቦታ ለማስታወስ በነባሪ አሠራሩ በማከማቻው ውስጥ ምልክት ይተው ስለነበር፣ የኢሜጅ ማሻሻያውን የማይጠቀም ድርጅት እንኳ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ቁልፍ ይሰጠው ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን የፍላክስዲ ውስጣዊ ሁኔታ ከውጭ በበቂ አለመታየቱ ነው፤ የትኛው ደረጃ ላይ ምን እንደተሰናከለ ለማወቅ የክንውን መዝገቡን መስመር በመስመር ከማንበብ የተሻለ መንገድ እምብዛም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ዊቭወርክስ፣ አርጎ ሲዲ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ከሠራው ኢንቱዊት ኩባንያ ጋር ሁለቱን ሥራዎች በአንድ የጋራ ሞተር ላይ ለማቆም መስማማቱን አስታወቀ። የፍላክስ ገንቢዎች ጥቂት ወራት ሞክረው ተዉት፤ በ2020 አጋማሽም ጊትኦፕስ ቱልኪት የተባለውን የራሳቸውን የተቆጣጣሪዎች ስብስብ ይዘው ቀረቡ። ሁለተኛው ፍላክስ የተገነባው በዚህ ስብስብ ላይ ነው።

ከተቆጣጣሪዎቹ የመጀመሪያው የምንጭ ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ ሥራው ማምጣት ብቻ ነው፤ ከጊት ማከማቻ ወይም ከሌላ ምንጭ የመጣውን ይዘት፣ ከተጠየቀም ፊርማውን አረጋግጦ፣ በአንድ ጥቅል አሽጎ ለሌሎቹ በክላስተሩ ውስጥ ያቀርባል። የከስተማይዝ ተቆጣጣሪ ጥቅሉን ወስዶ የድንጋጌ ፋይሎቹን ያዘጋጃል፣ ይተገብራል፣ የተገበረውንም በዝርዝር ይመዘግባል፤ የሄልም ተቆጣጣሪ ሄልም በተባለው የተለመደ የአስተሻሸግ ዘዴ የተዘጋጁትን ይተክላል። የማሳወቂያ ተቆጣጣሪው ወደ ውጭ መልእክት ይልካል፣ ከውጭም የለውጥ ጥሪ ይቀበላል። የቀድሞው ፍላክስዲ ከማሰማራቱ ጋር ያጣመረው የኢሜጅ ክትትልና እርማት በሁለት የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች ተከፍሎ ለብቻው ቆሟል፤ እነርሱም ካልተጠየቁ በቀር አይተከሉም። በዚህ አከፋፈል ምክንያት ማሻሻያውን የማይፈልግ ድርጅት ለፍላክስ የማንበብ ቁልፍ ብቻ ሰጥቶ ሊኖር ይችላል።

ሆኖም ፕሮግራምን መቆራረጥ ብቻውን ጥበብ አይደለም፤ በደንብ ያልተከፋፈለ ፕሮግራም ያው ውስብስብነት በኔትወርክ ላይ ተበትኖ ከመገኘት በቀር የሚያተርፈው የለም። የሁለተኛው ፍላክስ ፍሬ ነገር ያለው በተቆጣጣሪዎቹ መካከል ባለው መዝገብ ላይ ነው። ኩበርኔቲስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተጠቃሚዎች የራሳቸውን የመዝገብ ዓይነት እንዲደነግጉ የሚያስችል ሥርዓት አለው፤ እያንዳንዱ መዝገብ የሚፈለገው የሚጻፍበት አንድ ክፍል፣ የደረሰበት ሁኔታ የሚጻፍበት ሌላ ክፍል ይኖረዋል። የምንጭ ተቆጣጣሪው አዲስ ለውጥ አምጥቶ ሲያሽግ በራሱ መዝገብ የሁኔታ ክፍል ላይ ያሰፍራል፤ የከስተማይዝ ተቆጣጣሪው መዝገቡን እየተከታተለ ለውጡን ሲያይ ሥራውን ይጀምራል። ላኪው ተቀባዩን ማወቅ አያስፈልገውም፤ በመካከላቸው ያለው ስምምነት ግን ማንም በተለመደው የኩበርኔቲስ ትእዛዝ ሊያነበው የሚችል የተጻፈ ነገር ነው። ቀድሞ በአንድ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ወደ አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

ጥቅሙ በብልሽት ጊዜ ይታያል። የጊት አገልግሎቱ ቢቋረጥ የምንጩ መዝገብ ያልተሳካ መሆኑን ከምክንያቱ ጋር ያሳያል፤ ከስተማይዝ ግን በመጨረሻ የታሸገውን ይዞ ክላስተሩን ማስማማቱን ይቀጥላል። በአንጻሩ፣ ጥቅሎቹ በነባሪ አሠራሩ የሚቀመጡት በጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ስለሆነ፣ በዚያው መቋረጥ መካከል የምንጭ ተቆጣጣሪው ራሱ ተዘግቶ ከተነሣ ጥቅሉ ይጠፋል፤ የተተከሉት ፕሮግራሞች መሥራታቸውን ባያቆሙም፣ ጊት እስኪመለስ ድረስ ማስማማቱ ይቆማል። ተከፋፍሎም ቢሆን አንድ የጋራ ጥገኝነት እንደቀረ ይህ ያስረዳል።

የፈቃድ ጉዳይም ተመሳሳይ ሁለት ገጽ አለው። እያንዳንዱ የማሰማሪያ መዝገብ በየትኛው የአገልግሎት መለያ ሥልጣን መተግበር እንዳለበት ሊገልጽ ስለሚችል፣ የአንድ ቡድን ድንጋጌ ከቡድኑ ክልል እንዳይወጣ ማጠር ይቻላል። ነገር ግን በተለመደው አተካከል ከስተማይዝና ሄልም ተቆጣጣሪዎች በክላስተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዘው ይነሣሉ፤ አጥሩን የሚሠራው አስተዳዳሪው ነው። አዲሱ አደረጃጀት ደኅንነትን ይዞ መጣ ተብሎ የሚነገረው ይህን ሲዘል ማጋነን ይሆናል። ስለ ነጻነታቸው የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ በሥዕል ላይ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢመስሉም፣ በተግባር የሚለቀቁት አብረው ተፈትነው፣ እትማቸው ተጣጥሞ፣ በአንድ የፍላክስ ስም ነው።

መከፋፈሉ ከገንቢዎቹ ውጭ ላሉ ሰዎች ግን በር ከፍቷል። የምንጭ ተቆጣጣሪው ጥቅሉ ለማን እንደሚውል ስለማይጠይቅ፣ ቴራፎርም በተባለው የመሠረተ ልማት መደንገጊያ የተጻፉ ፋይሎችን ከዚያው ጥቅል ወስዶ የሚተገብር ሌላ ተቆጣጣሪ ተሠርቶለታል። ማይክሮሶፍትም በአዡር አገልግሎቱ ለኩበርኔቲስ ደንበኞች የሚያቀርበውን የጊትኦፕስ ክፍል በሁለተኛው ፍላክስ ላይ አቁሞታል። የመጀመሪያው ፍላክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተዘግቶ ወደ ማኅደር ሲገባ፣ በዚያው ወር ፕሮጀክቱ ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ከተባለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ተቋም የመጨረሻውን የብስለት ደረጃ አገኘ፤ ሁለተኛው እትም አጠቃላይ አገልግሎት ላይ መዋሉ የታወጀው በ2023 ነው። ዊቭወርክስ በ2024 መጀመሪያ ሥራውን ሲያቆም፣ ፍላክስ በፋውንዴሽኑ ሥር ስለነበር አብሮት አልቆመም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚሸጋገር ድርጅት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁለቱ ፍላክሶች በአንድ ክላስተር ላይ ያሉትን እነዚያኑ ፋይሎች አብረው ቢያስተዳድሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይሽራልና፣ አዲሱ ማስማማት ከመጀመሩ በፊት አሮጌው መቆም አለበት። ቀድሞ በድንጋጌው ፋይል ላይ በማብራሪያ መልክ ይጻፍ የነበረው የኢሜጅ ምርጫ ደንብ አሁን ራሱን የቻለ መዝገብ ሆኖ እንደገና ይጻፋል፤ በፋይሉ ላይ የሚቀረው የእትሙ ቁጥር የሚታረምበትን ቦታ የሚያመለክት ምልክት ብቻ ነው። አሰልቺው ሥራ የማጽዳቱ ነው። የመጀመሪያው ፍላክስ ከማከማቻው የተሰረዘውን ከክላስተሩ የሚያጠፋው ተለይቶ ሲታዘዝ ብቻ ስለነበር፣ ለዓመታት በሠራ ክላስተር ላይ ባለቤት የሌላቸው ትርፍራፊዎች ይገኛሉ፤ አዲሱ የከስተማይዝ ተቆጣጣሪ ደግሞ የሚያጠፋው በራሱ ዝርዝር የመዘገበውንና በኋላ ከማከማቻው የጠፋውን ብቻ ስለሆነ፣ ከሽግግሩ በፊት የቀሩትን አያያቸውም፤ አስተዳዳሪው አንድ በአንድ እየለየ በእጁ ማንሣት ይኖርበታል።