የዩኒቨርሲቲ ገንዘብና የባላደራዎች ፊርማ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት ገንዘብ ባለቤቱ ብዙ ነው። ልጁን ወደዚያ የላከው ሰው ብቻ ሳይሆን፥ ደጁን ረግጦ የማያውቀው ገበሬና ነጋዴም በግብሩ ተካፋይ ነው። ብዙ ሰው ያዋጣውን ገንዘብ ግን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሊያወጣው አይችልምና ጥቂቶች ተመርጠው በባላደራነት ይሾማሉ። ሥራቸውም ታላቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ በገዛ ገንዘቡ የተሳሳተ ሰው የሚጐዳው ራሱን ሲሆን፥ በአደራ ገንዘብ የተሳሳተ ግን የሚጐዳው ከቶ አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው።

ለዚህ ነገር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጥሩ ምስክር ይሆናል። ይህ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት በ1868 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ዛሬ 10 ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን በዓመት የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ከ50 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። የበላይ ጠባቂው ሬጀንትስ የሚባለው ቦርድ ነው። ድምፅ ካላቸው 26 አባሎች 18ቱን አገረ ገዥው መርጦ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስምምነት ለ12 ዓመት ይሾማቸዋል፤ 7ቱ በያዙት ሥልጣን ምክንያት የሚገቡ ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ አገረ ገዥው ራሱና የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ይገኛሉ፤ የቀረው አንዱ ተማሪ ነው። የሹመቱ ዘመን መርዘሙና የሁሉም ጊዜ ባንድነት አለማለቁ፥ ዩኒቨርሲቲው ከሹም ሽረት ጋራ እንዳይናወጥ የታሰበ ነው።

ይሁን እንጂ ቦርድ መቆሙ ብቻውን ገንዘብን አይጠብቅም። በ1873 ዓ.ም. በበርክሌይ ከተማ ሁለት የትምህርት ቤቶች ተሠርተው ተከፈቱ፤ አንዱ የጡብ፥ ሁለተኛው የእንጨት ነበረ። ወዲያው ስለ እንጨቱ ቤት ሐሜት ተነሣ። ከቦርዱ አባሎች አንዱ የእንጨት ነጋዴ ነበረና፥ ለሕንጻው የሚሆነው እንጨት ከእርሱ መደብር ተገዛ ተብሎ ተከሰሰ። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ1874 ዓ.ም. ነገሩን አስመረመረ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከቦርዱ ወጣ። ከ5 ዓመት በኋላ በ1879 ዓ.ም. የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን የሕዝብ አደራ ብሎ ሰየመው። ቦርዱ በአስተዳደሩ ነፃነት ቢሰጠውም፥ የገንዘቡን ደኅንነት ለመጠበቅ ምክር ቤቱ የመቆጣጠር ሥልጣን አለው፤ ስለ ሕንጻ ሥራና ስለ ዕቃ ግዢም የጨረታ ሕግ ሊያወጣለት ይችላል።

ዛሬ ወጪ የሚጸድቅበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። የሚመጣው ዓመት በጀት በፕሬዚዳንቱ መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ፥ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር ለቦርዱ ይቀርባል። ቦርዱ ከተስማማበት በኋላ ከግዛቱ መንግሥት የሚጠየቀው ድርሻ ወደ አገረ ገዥውና ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳል። ታላቅ ሕንጻ የሚሠራ እንደ ሆነ፥ ለምን እንደሚያስፈልግ፥ ምን ያህል እንደሚፈጅና ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ ተጽፎ በመጀመሪያ የገንዘብ ጉዳይ በሚመለከተው ኮሚቴ ፊት ይመረመራል። የጉባኤው አጀንዳ ከስብሰባው በፊት ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጻል፤ የፈቀደ ሰውም መጥቶ አሳቡን ይናገራል። በዝግ የሚታየው ነገር በሕግ ተለይቶ የተወሰነ ነው። ጥቃቅኑን ሥራ ቦርዱ በውክልና ለፕሬዚዳንቱና ለየቅርንጫፉ አስተዳዳሪዎች ይተወዋል፤ አለዚያ ባላደራው ጥቃቅኑን ሲቈጥር ታላቁ ነገር ያመልጠዋል።

ከ1870ዎቹ የእንጨት ነገር የተገኘው ትምህርትም በሕግ ጸንቷል። አባሎቹ ሀብታቸውንና ጥቅማቸውን በጽሑፍ ያስታውቃሉ። አንድ አባል ጥቅም ያለበት ጉዳይ በቀረበ ጊዜ በውሳኔው ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ይገደዳል። ይህም ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ከማለት የተነሣ አይደለም፤ እውነተኛውን ሰው ከሐሜት፥ ደካማውንም ከፈተና ለማዳን ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት በኋላ እንኳ ጉድለት አልጠፋም። በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. የግዛቱ ዋና ኦዲተር ባወጣው መግለጫ፥ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት መሥሪያ ቤት ለቦርዱም ለሕዝብም ያልገለጸው ከ175 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ በመጠባበቂያ አከማችቷል አለ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ አብዛኛው ለታወቀ ሥራ የተመደበ ስለ ሆነ ነፃ የሆነው 38 ሚሊዮን ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። የትኛውም ቊጥር ቢያዝ፥ ጥያቄው ያው ነው። ቦርዱ በየዓመቱ በጀቱን ሲያጸድቅ የነበረው በቀረበለት ወረቀት ላይ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ገንዘብ ግን ሊያጸድቀውም ሊከለክለውም አይችልም። ጉባኤው በሥርዓቱ ተሰብስቦ፥ ድምፅ በሥርዓቱ ተሰጥቶ፥ ነገሩ ግን ሳይታይ አለፈ።

እንግዲህ የባላደራ ሥራ መፈረም ብቻ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ሹሙ ያመጣለትን ወረቀት ሁሉ የሚፈርም ቦርድ ለማኅተም መያዣነት እንጂ ለጠባቂነት አልተቀመጠም። ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይገባሉ፤ ያልቀረበ ሒሳብ አለን? ከዚህ ውል የሚጠቀመው ማነው? ባለፈው ዓመት የተፈቀደውስ የት ደረሰ? እነዚህን የሚጠይቅ አባል አንዳንድ ጊዜ የጉባኤውን ሰዓት ያስረዝማል፤ ክርክር ወዳድም ይባላል። ነገር ግን በስብሰባ የጠፋ አንድ ሰዓት በፍርድ ቤት ከሚጠፉት ዓመታት ይሻላል።

በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል ይባላል። አነጋገሩ የቈየ ነው፤ ለባላደራ ግን ተገልብጦ ሊነገረው ይገባል፤ ሲሾም ያልጠየቀ፥ ሲሻር ይጠየቃል። በበርክሌይ የእንጨቱ ቤት ፈርሶ ተነሥቷል፤ የጡቡ ቤት ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ተማሪ ይገባበታል።