የመኪና ቴፕ ድምፅ ሲያጣ፤ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ሊፈተሹ የሚገባቸው ጉዳዮች

የመኪና ቴፕ ጌጥ ብቻ አይደለም። እህል ጭኖ ወደ ገበያ ለሚጓዝ አሽከርካሪ የአገሩን ውሎና የአየሩን ጠባይ የሚሰማበት መሣሪያ ነው፤ በታክሲና በባጃጅ ለሚውል ደግሞ የሥራ ባልደረባው ነው። ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ድምፁን ሲያጠፋ ብዙዎች የሚደርሱበት ድምዳሜ “ተቃጥሏል” የሚል ነው። አሮጌው ይነሣል፣ አዲስ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ አዲሱም እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ብልሽቱ ከቴፑ ውስጥ ሳይሆን ከፊውዝ፣ ከሽቦ ወይም ከስፒከር ላይ ነበርና። ገንዘቡ እንኳ ቢታለፍ፣ በችኮላ የሚደረግ የሽቦ ጥገና መኪናውን ለእሳት የሚዳርግበት አጋጣሚ አለ።

ፍተሻው የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። የቴፑ መብራት ይበራል ወይስ አይበራም? መብራቱ በርቶ ድምፅ የማይሰጥ ቴፕ ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ የሚፈለገው ድምፁ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ግን ስፒከሮችን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ መፈተሽ ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው።

በመጀመሪያ የሚበራውን እንመልከት። ድምፅ የሚያፍነው ቁልፍ ሳይታወቅ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ድምፁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያከፋፍለው ማስተካከያ ስፒከር ወዳልተገጠመበት አቅጣጫ ተገፍቶም ይሆናል። የኋላ ስፒከር በሌለው መኪና ላይ ማከፋፈያው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ከተዞረ ቴፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ምንም አይሰማም። ሙዚቃው ከስልክ በብሉቱዝ የሚመጣ ከሆነ የስልኩንም ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ክሩስኮት ከመፍታት በፊት ይህን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ሬዲዮውን ትተው ከፍላሽ ወይም ከስልክ ያጫውቱ። ያ ከተሰማ ስፒከሮቹም ሽቦዎቹም ደኅና ናቸው፤ የጎደለው የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ አይዘልም፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ጣቢያ ቢጠፋ የሚወቀሰው ገደሉ እንጂ ቴፑ አይደለም። ከገደሉ ከወጡ በኋላም ካልተመለሰ የአንቴናውን ገመድ ይመልከቱ። ሌላም ምክንያት አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ያገለገለ ቴፕ የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ እስከ 95 ያለውን ሞገድ ነው። በአገራችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚገኙት ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ቴፕ አዲስ አበባ ላይ ፋናን በ98.1፣ ሸገርን በ102.1 ሊይዝ አይችልም። አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ አገር ነው። ያገለገለ ቴፕ ሲገዙ ቁጥሩ እስከ 108 መድረሱን እዚያው ሱቅ ውስጥ ሆነው ይመልከቱ።

ከፍላሽም ከሬዲዮም ምንም ካልተሰማ ተራው የስፒከርና የሽቦ ነው። ዝም ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የጎማ መሸፈኛ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይህ ሽቦ ስለሚታጠፍ ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ደኅና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። በሩን ቀስ እያሉ ሲያንቀሳቅሱ ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ ቦታው ተገኝቷል።

ሁሉም ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ዝም ካሉ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ተበላሹ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በዘመናዊ ቴፕ ከስፒከር ሽቦዎች አንዷ እንኳ ተልጣ የመኪናውን ብረት ከነካች፣ ቴፑ ራሱን ለማዳን ድምፁን በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። በመሆኑም ጥፋቱ በአንድ በር ውስጥ ሆኖ ዝምታው የመላው መኪና ይሆናል። መፍትሔው የስፒከር ሽቦዎችን ከቴፑ ላይ ማለያየትና አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር ነው፤ የትኛው ሲገናኝ ድምፁ እንደሚጠፋ ይታወቃል። በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ማንሳት ይገባል። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የስፒከሩን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር ማሰር በአብዛኞቹ የዛሬ ቴፖች ላይ ውስጣዊ የድምፅ ማጉያውን ሊያቃጥል ይችላል። እያንዳንዱ ስፒከር ከቴፑ የሚመጡ የራሱ ሁለት ሽቦዎች ያስፈልጉታል።

ስፒከሩ ራሱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ስፒከሩ ከቴፑ መለያየቱን ያረጋግጡና በሁለት ቁራጭ ሽቦ የድንጋዩን ሁለት ጫፎች ከስፒከሩ ሁለት ጫፎች ጋር ለቅጽበት ያነካኩ። ጤነኛ ስፒከር “ቸክ” ብሎ ይመልሳል፤ የሞተው ዝም ይላል። ይህን ሙከራ በመኪናው ባትሪ ማድረግ ግን ደኅናውን ስፒከር ማቃጠል ነው። መኪናው ላይ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ተገጥሞ ከሆነም የእርሱ ፊውዝና ከቴፑ የሚነሣው ማስነሻ ሽቦ ይታይ፤ ይህ ሽቦ በብዙዎቹ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር አለው።

አሁን ወደማይበራው ቴፕ እንመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ቴፕ ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉት። አንዱ ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣ ሲሆን ሰዓቱንና የተመረጡ ጣቢያዎችን ያስታውሳል፤ ሌላው ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ነው። ከፋብሪካው ጋር ሳይሆን ኋላ በሚገጠሙ ቴፖች ላይ የመጀመሪያው ቢጫ፣ ሁለተኛው ቀይ፣ ወደ ብረት የሚታሰረው ኔጌቲቭ ደግሞ ጥቁር ነው። ከፋብሪካ በመጣው የመኪናው ሽቦ ላይ ግን ቀለሙ እንደየመኪናው ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መተማመን አይቻልም፤ በቴስተር መለካት ይሻላል። ቀዩ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ቴፑ አይበራም፤ ቢጫው ካላገኘ ደግሞ ወይ አይበራም ወይ ሞተር በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል። ጥቁሩ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ከዛገም ቴፑ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።

ሁለቱ መስመሮች በመኪናው የፊውዝ ሣጥን ውስጥ የየራሳቸው ፊውዝ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንድ ሦስተኛ ደግሞ በብዙ ቴፖች ጀርባ ላይ ይገኛል። ፊውዙን አውጥተው በብርሃን ቢያዩት ውስጡ ያለው ቀጭን ድልድይ መበጠሱ ይታያል። የሚተካው በዚያው ልክ ነው፤ ባለ 10 አምፔሩ ቀይ፣ ባለ 15ቱ ሰማያዊ፣ ባለ 20ው ቢጫ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ፊውዝ የሚጠብቀው በዋናነት ቴፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ፊውዙ ቀድሞ በመቃጠል መንገዱን ይቆርጣል። በምትኩ ባለ 30 አምፔር ከተገባ፣ ወይም ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ከተጠቀለለበት፣ ቀድሞ የሚቀልጠው ከክሩስኮቱ ጀርባ ያለው ሽቦ ይሆናል፤ በዚያም ላስቲክ፣ ፕላስቲክና ስፖንጅ በብዛት አለ። አዲስ የተተካ ትክክለኛ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል፣ ወይም የቴፑ ውስጥ ተበላሽቷል ማለት ነው። በተለይ ባትሪ ሲቀየር ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ታስሮ ከነበረ ሁለተኛው ይጠረጠራል።

የጭነት መኪና ያላቸው ወገኖች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባቸው። አብዛኞቹ ከባድ ጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮባቸው በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን ገበያ ላይ ያለው ቴፕ በአብዛኛው የ12 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተገናኘ ይቃጠላል። ይህን ለማምለጥ አንዳንዶች ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይቀጥላሉ። ቴፑ ይሠራል፤ ነገር ግን አንዱ ባትሪ ዘወትር ይጎድላል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። የቴፕ ጉዳይ የባትሪ ዋጋ አስከፈለ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ 24ቱን ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ማስገጠም ነው፤ የኮንቨርተሩ አምፔር በቴፑ ጀርባ ካለው ፊውዝ ማነስ የለበትም።

የ12 ቮልት ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲለካ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። ሞተር ጠፍቶ ከ12 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟልና ቴፑ ቢጠፋ አያስገርምም። ባትሪ ተፈትቶ ሲመለስ አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃሉ። በግምት መሞከር መሣሪያውን ጭራሽ ሊያስቆልፍ ስለሚችል ቁጥሩን ከመኪናው መመሪያ ደብተር ወይም ከሻጩ መጠየቅ ይገባል።

ክሩስኮት መፍታት ግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ኤር ባግ ባለው መኪና ላይ ቢጫ መሸፈኛ ወይም ቢጫ መሰኪያ ያላቸው ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ የኤር ባጉ ናቸው፤ ከቴፑ ቢጫ ሽቦ ጋር እንዳይምታቱ፣ በቴስተርም እንዳይነኩ። እስከዚህ ተፈትሾ ሁሉም ደኅና ከሆነና ድምፅ አሁንም ከሌለ፣ ጥርጣሬው በቴፑ የውስጥ የድምፅ ማጉያ ላይ ይወድቃል። ያኔም ቢሆን ባለሙያው ቴፑን ከመኪናው አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ፣ በተለየ የ12 ቮልት ባትሪና ደኅንነቱ በታወቀ አንድ ስፒከር እርስዎ እያዩ እንዲሞክረው ይጠይቁ። እዚያ ከጮኸ አዲስ ቴፕ አያስፈልግዎትም፤ ችግሩ ያለው መኪናው ውስጥ ነው።