ለመንፈስ ጭንቀት ሐኪም ስለ መምረጥ
በመንፈስ ጭንቀት የታመመ ሰው ጥቂት ወራት በንግግር ታክሞ ሳይሻለው የቀረ እንደ ሆነ፥ ዘመዶቹ «ሕክምናው ከንቱ ነው» ይላሉ። ፍርዱ የቸኮለ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ቦርዲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓመት እንደ ጻፈው፥ ሐኪምና ታማሚ ሦስት ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም በሕክምናው ግብ መስማማት፥ በሚሠራው ሥራ መስማማትና መተማመን ነው። ታማሚው እንቅልፉ እንዲመለስለት ሲሻ ሐኪሙ ስለ ልጅነቱ ብቻ ቢጠይቀው፥ ሁለቱም በከንቱ ይደክማሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ታማሚው ሐኪሙን ስለሚያፍር፥ ሳይሻለው «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙም ያምነዋል!
በመጀመሪያው ቀን «መሻሌን በምን እናውቃለን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪሙ በዚህ ቢቈጣ ሌላ መፈለግ ይገባል፤ ለአዲሱም ሐኪም ከፊተኛው ዘንድ ያልሆነለትን ነገር አስቀድሞ ይንገረው።