የገዢን ፍላጎት መርምሮ ስለ መነገድ

በግምት ተገዝቶ በመጋዘን ተከማችቶ የሚቀር ዕቃ ለነጋዴው የታሰረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማናቸውም ነጋዴ ዕቃ ከማስመጣቱ አስቀድሞ ማን እንደሚገዛው፣ በየትኛው ወር እንደሚገዛውና በምን ያህል ዋጋ እንደሚገዛው ሊመረምር ይገባዋል። ይህም የገበያ ጥናት ይባላል። ብዙዎች ጥናቱ ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የተመደበ ሥራ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን መሠረቱ ባንድ ደብተርና ባንድ እርሳስ በማናቸውም ሱቅ ሊሠራ የሚቻል ነው።

በ1923 እ.ኤ.አ. አርተር ኒልሰን የተባሉ አሜሪካዊ በቺካጎ ከተማ አንድ የጥናት ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ኋላ ስሙ የተጠራበት ዘዴ በየሱቁ ያለውን ዕቃ መቁጠር ነበር። ሰው እገዛለሁ ብሎ በአፉ የሚናገረውና ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ሁልጊዜ አንድ አይደለምና፣ ቆጠራው ከቃል ይልቅ የታመነ ምስክር ሆነ። አሠራሩም ቀላል ነው። በወሩ መጀመሪያ በነበረው ዕቃ ላይ በወሩ ውስጥ የገባው ይደመራል፤ በወሩ መጨረሻ የቀረው ይቀነሳል። ለምሳሌ ያህል 40 ካርቶን ሳሙና ኖሮን 25 ብንጨምርና 18 ቢተርፍ፣ የተሸጠው 47 ካርቶን ነው። ይህ በየወሩ ሲጻፍ የገዢው ጠባይ ከዓመት እስከ ዓመት ይገለጣል።

በደጀንና ባካባቢዋ የገዢው ኪስ የሚከተለው አዝመራን ነው። ገበሬው ጤፉን ወቅቶ ለገበያ በሚያቀርብበት በታኅሣሥና በጥር ልብስ፣ የቤት ዕቃና የጣራ ቆርቆሮ ይፈለጋል፤ የሠርግም ወራት ነው። በሰኔ ግን ገንዘቡ ወደ ማዳበሪያና ወደ ዘር ይሄዳል። በመስከረም ደግሞ ደብተርና የተማሪ ልብስ ይቀድማል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቅቤና ሥጋ ገበያቸው ሲቀዘቅዝ ዘይትና ሽሮ ይነሣሉ። ይህን ሁሉ በልማድ የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ነገር ግን ልማድ መጠኑን አይነግርም፤ መጠኑን የሚነግረው ደብተሩ ነው።

እህል ላኪውም እንዲሁ ነው። የርሱ ገዢ ያለው ከዓባይ በረሃ ማዶ በአዲስ አበባ ስለሆነ፣ ማኛው፣ ነጩና ሰርገኛው በየወሩ ያወጡትን ዋጋ፣ ባለመበጠሩም የተቀነሰበትን ለይቶ ቢጽፍ፣ ማበጠሪያው የሚያስወጣው ወጪ ትርፍ ያመጣ እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል።

አዲስ ኢንዱስትሪ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ገዢ ይመጣል። በደጀን የተተከለው የዓባይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የዚህ ምሳሌ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ አዝመራ ሳይጠብቅ በየወሩ ደመወዝ ይቀበላል፤ ስለዚህ ባንድ ጊዜ ብዙ ከመግዛት ይልቅ ጥቂት ጥቂት እያለ ዓመቱን ሙሉ ይገዛል። ቤት ተከራይቶ የሚኖረው አልጋና ምድጃ፣ ሾፌሩ የመኪና መለዋወጫና የተዘጋጀ ምግብ ይሻል። እነዚህን ገዢዎች ከገበሬው ጋር ባንድ ዐምድ መጻፍ ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ቀድሞ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የነበረውን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶችም ከፍቷል። እንደነዚህ ያሉት ድርጅቶች ገዢውን ሳያጠኑ ሱቅ አይከፍቱም። የኛ ብልጫ ገዢውን በስሙና በሰፈሩ ማወቃችን ነው፤ ይሁን እንጂ ያልተጻፈ ዕውቀት ባለቤቱ ሲታመም ወይም ሲያርፍ አብሮት ይቀራል።

ስለዚህ ባለሱቆች ሁሉ ሁለት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ በየወሩ መጨረሻ ዕቃቸውን ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ገዢ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ ዕለቱን ይጻፉ። የተሸጠው ዕቃ ያለፈውን ገበያ ሲያስረዳ፣ ተጠይቆ የታጣው ግን የሚመጣውን ያመለክታልና።