«ቤቶች!» ሲባል ማን ይመልሳል?

ስለ ሰርቨር ደኅንነት የሚጻፉ ብዙ ማብራሪያዎች ፖርትን «ቀዳዳ» ይሉታል፤ ከተከፈተ ሌባ ይገባበታልና ይደፈን ይላሉ። ይህ ያስፈራል እንጂ አያስረዳም። ፖርት ከ0 እስከ 65535 ያለ ቁጥር ነው። «ክፍት» የሚያሰኘው በዚያ ቁጥር ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ ፕሮግራም መኖሩ ነው። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚል እንግዳ ያስቡ። ከውስጥ «ደጆች!» ካሉት ፖርቱ ክፍት ነው። «የሚፈልጉት ሰው እዚህ የለም» ካሉት ዝግ ነው፤ ቤቱ ግን ሰው አለበት። ጭራሽ ድምፅ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ዘበኛው፣ ማለትም ፋየርዎሉ፣ ጥሪውን በር ላይ አስቀርቶታል። ጓዳ ያለች ሴት ደግሞ የቤተሰቡን ጥሪ እንጂ የደጁን አትመልስም፤ በ127.0.0.1 የሚያዳምጥ ፕሮግራም እንደዚያ ነው። በ0.0.0.0 የሚያዳምጠው በየትኛውም በር ለመጣ ሁሉ አቤት ይላል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ፖርት ተከፈተ ሳይሆን ማን፣ ለማን ይመልሳል የሚለው ነው። ሊኑክስ ላይ ኤስኤስ የተባለውን ትእዛዝ ቲ፣ ኤል፣ ኤን እና ፒ ከሚሉት አማራጮች ጋር በሱዶ ያስኪዱት (ዩዲፒን ለማየት በቲ ፈንታ ዩ ይግባ)። 0.0.0.0:22 ላይ ኤስኤስኤች ቢያዩ ከሩቅ የሚገቡበት ነው። 127.0.0.1:3306 ላይ ያለው ማይኤስኪውኤል ከጓዳ አይወጣም። 0.0.0.0:27017 ካዩ ግን ይደንግጡ፤ የሞንጎዲቢ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በይለፍ ቃል ያልተጠበቁ በሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተደምስሰው በቦታቸው የቤዛ ጥያቄ ተተክቶ ተገኘ። ማንም ቀዳዳ አልበሳም፤ ዳታቤዙ ራሱ ለጠራው ሁሉ መለሰ። ከ3.6 እትም ጀምሮ ሞንጎዲቢ ካልታዘዘ በቀር የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው።

«ፋየርዎል አለኝ፤ ማን ቢያዳምጥ ምን ቸገረኝ?» የሚል ይኖራል። ፋየርዎል ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬደው ዶከር የኮንቴይነርን ፖርት ወደ ውጭ ሲያወጣ የራሱን ደንቦች ስለሚጽፍ፣ በኡቡንቱው ፋየርዎል በዩኤፍደብልዩ የተከለከለ ፖርት ከውጭ ሲጠራ ሊመልስ ይችላል። ዘበኛው የፊቱን በር ሲጠብቅ ዶከር የጓሮውን ከፍቷል። ይህን ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ከሌላ ማሽን፣ የራስዎን ሰርቨር ብቻ፣ ፖርቶችን እየጠራ በሚፈትሸው በኤንማፕ ይጥሩት፤ ውጤቱንም ኤስኤስ ካሳየዎት ጋር ያስተያዩ። ኤንማፕ ካላዘዙት በቀር የሚጠራው የተለመዱትን 1000 ፖርቶች ብቻ ነውና ከ1 እስከ 65535 ያሉትን ሁሉ እንዲጠራ ይንገሩት።