“ስማርት” እቃ ገዝቼ ጅል የሆንኩት እኔ!

ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሚኤሶዎች እንኳ ለምደነዋል። ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አላወራችሁም። ወሬዬ ስለ ሳሎን ነው። ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ስር ስለሚጋደመው ሸንቃጣ ድምፅ ማጉያ… “ሳውንድባር” ስለሚሉት። “ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?” እንዳትሉኝ! በዚህ እቃ ምክንያት የሰው ላብ አባክኜ፣ አባቴን አሳዝኜ፣ እህቴን አስለቅሻለሁ። የእኔን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው ጉዴን በአደባባይ የማወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ወፍጮ ቤት ነው። የሠፈራችን ማሽላና በቆሎ በእሱ እጅ ያላለፈ የለም። ወፍጮው ሲጮህ ውሎ ሲጮህ ያመሻል፣ አባዬ ደግሞ ከጎኑ። አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ታዲያ አንድ ፀባይ አመጣ። ዜና ሲጀመር “ከፍ አድርገው!” ይላል። ከፍ አደርግለታለሁ። “ሰማህ አባዬ?” ስለው “ይጮሃል እንጂ ምን እንደሚል አይገባኝም” ይላል። እኛ ድራማ እያየን ስንስቅ እሱ የእኛን ፊት እያየ ዘግይቶ ይስቃል። በኋላማ መሳቁንም ተወው። ራት እንደበላ ተነስቶ ደጅ ይቀመጣል። “ምነው አባዬ?” ስንለው “ሞቀኝ” ይላል። አመንነው። ሚኤሶ ላይ “ሞቀኝ” ያለን ሰው ማን ይጠራጠራል?

ጅዳ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ስትደውል “እሺ… እሺ… ደህና ነኝ” ብቻ ይልና ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። “አባዬ ተቀይሞኛል እንዴ?” ትለኛለች። የጆሮውን ነገር ስነግራት ጊዜ አልፈጀችም። “ጥሩ ድምፅ ማጉያ ግዛለት” ብላ ገንዘብ ላከች። በሰው ቤት ወለል ወልውላ፣ የሰው ልጅ አዝላ ያገኘችው ገንዘብ ነው። ልብ በሉ!

እኔስ ምን አደረግኩ? የአባዬን ጆሮ ረስቼ የጓደኞቼን ዓይን አሰብኩ። አንድ ትልቅ ከተማ ሄጄ፣ ሱቅ ገብቼ “ስማርት የሆነውን፣ ቤዙ ቤት የሚያናጋውን አምጣልኝ” አልኩ። ሻጩም “አቦ፣ ይሄማ ራሱ ያናግርሃል!” አለኝ። ከፍዬ ተሸክሜ መጣሁ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ጉድ ፈላ! እቃው ዋይፋይ ካላገኘ አልነሳም አለ። እኛ ቤት ዋይፋይ ከየት ይመጣል? ከሞባይሌ ዳታ አገናኘሁት፤ ገና ራሱን ሲያድስ ፓኬጄን ጥርግ አድርጎ በላው። ቀጥሎ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ልሰካ ስል፣ የእቃው ብቸኛ መሰኪያ የእኛ ቴሌቪዥን የሌለው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። “ያናግርሃል” የተባለውም የሚያውቀው የፈረንጅ አፍ ብቻ ነው። ሚኤሶ ኦሮምኛም ሶማልኛም አማርኛም የሚሰማባት ከተማ ናት፤ እሱ አንዱንም አያውቅም። በ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ባናግረው “አልገባኝም፣ ይቅርታ” አለኝ። ከስልኬ ሙዚቃ ስለቅበት ግን የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ! ጎረቤታችን ያሉ እናት ነጠላቸውን እየጎተቱ መጥተው “ልጄ፣ ምን ሰርግ አለባችሁ?” አሉኝ። አባዬ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ “ተባረክ ልጄ” አለና ወጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

ልመልሰው ብሄድ ሻጩ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ዋይፋይ ላለው አንድ ጁስ ቤት በኪሳራ ሸጥኩት። እህቴ ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ አለቀሰች። ቢቆጡ ይሻላል እናንተዬ!

መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ግን ብራችሁን ሳታወጡ ጠይቁ። የለቀምኩትን እነሆ!

አንደኛ፦ ከእቃው በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። አባዬን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። አንደኛው ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ኖሮ ታጥቦ ወጣለት። የቀረው የወፍጮው ዕዳ ነው። በጩኸት ብዛት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው። “ሰ”፣ “ሸ”፣ “ፈ”ን የመሳሰሉት ይጠፉበታል። ድምፁ ይደርሰዋል፤ ቃሉ ግን “ሠራ” ይሁን “ፈራ” አይለይለትም። ቤዝ ስትጨምሩበት ደግሞ ይብሳል፤ ጉምጉምታው ቃሉን ይሸፍነዋል። ሳውንድባር መድኃኒት አይደለም፤ የጆሮ መሣሪያ የሚያስፈልገውንም ሰው አይተካለትም። እናንተም ወጣቶች ተጠንቀቁ! የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል። ከዚያ በላይ ሲጮህ ሰዓቱም እያጠረ ይሄዳል።

ሁለተኛ፦ ጥፋቱ የጆሮ ብቻ አይደለም፣ የቴሌቪዥኑም ነው። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ያሁኑ ፍላት ቀጥኖ ቀጥኖ ለድምፅ ማጉያ ቦታ አጣ፤ ብዙዎቹ ድምፃቸውን የሚለቁት ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ ነው። ሳውንድባሩ የሚጠቅመው ድምፁን አዙሮ ወደ ተቀማጩ ስለሚልክ ነው። ስለዚህ ሪሞቱ ላይ ንግግርን አጥርቶ የሚያወጣ ቁልፍ እንዳለው ጠይቁ። ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ቤዝ የሚቀንስ ቁልፍም ቢኖረው መልካም ነው።

ሦስተኛ፦ ከመሄዳችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። “ኤች.ዲ.ኤም.አይ” ከሚለው አጠገብ “ኤ.አር.ሲ” የሚል ጽሑፍ አለ? ይሄ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ ነው፤ ሪሲቨሩም ፍላሹም በአንድ ገመድ ይሰማሉ። ከሌለ “ኦፕቲካል” የሚባለውን ፈልጉ። እሱም ከሌለ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይበቃል። ሳውንድባሩ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን ይቀበል። ሰክታችሁት ድምፅ እምቢ ካለ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ ከፍታችሁ “ፒ.ሲ.ኤም” የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው ይህቺን ባለማወቅ ደህናውን እቃ “ተበላሽቷል” ብሎ ይጥላል።

አራተኛ፦ “ስማርት” የሚለው ቃል አያስክራችሁ! ስማርት ማለት ኢንተርኔት ይፈልጋል ማለት ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። የሶኖስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው “ሬይ” ርዝመቱ 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትንሽና ቆንጆ። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው ግን በኦፕቲካል ብቻ ነው፤ ብሉቱዝ የለውም፤ መጀመሪያ ለማስነሳት ዋይፋይና አፕሊኬሽን ይፈልጋል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው “ኤስ.አር-ሲ20ኤ” ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ኤች.ዲ.ኤም.አይ፣ ኦፕቲካል፣ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ፣ ብሉቱዝ ሁሉንም ይቀበላል፤ ንግግር ማጥሪያም አለው፤ ዋይፋይ አይለምንም። ታዲያ ለእኛ ሳሎን የትኛው ነው ስማርት? ያው ሶኖስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አዲስ አፕሊኬሽን ሲያወጣ ሰው ከፍሎ በገዛው እቃ ብዙ ነገር መሥራት አቅቶት ዓለም ተንጫጫ፤ በቀጣዩ ጥር ወር የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን ለቀቀ። ገመድ ግን አፕሊኬሽን አይፈልግም።

አምስተኛ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ሲልክላችሁ ሳትሰኩ ጀርባውን አንብቡ። “100-240 ቮልት” ካለ እሰየው። “120 ቮልት” ብቻ ካለ የእኛ መብራት 220 ነው፣ ጭሱን ታያላችሁ። መብራት ሲሄድ ከዲቫይደሩ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው። ካርቶን ላይ “3000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ” የሚል ስታዩም ሳቁና እለፉ። “አር.ኤም.ኤስ ስንት ነው?” በሉ፤ እውነተኛው ጉልበት እሱ ነው።

ስድስተኛ፦ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ ከ1 ሜትር ትንሽ ይጎድላል፤ ባሩ ከዚያ አይብለጥ። በቴሌቪዥኑ እግሮች መካከል ይገባል? ቁመቱ የሪሞት መቀበያውን አይሸፍንም? ገዝታችሁ ስታስቀምጡትም ቡፌው ውስጥ አትቆልፉበት። እናቶቻችን ዳንቴል አልብሰው “አቧራ እንዳይገባው” ይሉታል። ዳንቴሉን ከላይ ይሁን፣ ፊቱን ግን አትጋርዱት! ሚኤሶ አቧራዋ ብዙ ነው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ሰባተኛ… ዋናው ሰባተኛው ነው! የሚሰማውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በመጨረሻ አባዬን ይዤ ዳገቱን ወጥቼ ጭሮ፣ የድሮዋ አሰበ ተፈሪ ሄድኩ። ዜና የተቀዳበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ አለ። ሻጩ ዘፈን ሊከፍት ሲል “የለም፣ ዜናውን ክፈት፣ ዝቅ አድርገህ” አልኩት። አባዬን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው “ምን አለ?” እያልኩ ጠየቅኩት። የመጀመሪያው ትልቁ ነበር፤ “ይጮሃል” አለ። ሁለተኛውም “ይጮሃል።” ሦስተኛው ትንሹ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያንስ። አባዬ ዝም አለ። ዞር ብዬ ሳየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የዜና አንባቢዋን ቃል በቃል እየደገመ ነው። በጁስ ቤቱ ገንዘብ ላይ ከኪሴ ጨምሬ ገዛሁት።

የዚያን ዕለት ማታ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። አባዬ ዜናውን ጨረሰ፣ ድራማውን ተከተለ፣ ከእኛ እኩል ሳቀ። ከዚያ እህቴ በኢሞ የላከችውን የድምፅ መልእክት ከስልኬ በብሉቱዝ ለቀቅኩለት። “አባዬ፣ እኔ ነኝ። ራት በላህ ወይ?” አለች፤ ድምፅዋ ሳሎኑን ሞላው። አባዬ ቀና ብሎ ወደ ቡፌው አየና “በላሁ ልጄ! አንቺስ በላሽ?” ብሎ መለሰላት። እቃው እንደማይሰማው ማን ይንገረው? እማዬ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። እኔም የአባዬን መልስ ቀድቼ ወደ ጅዳ ላክሁት።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት “ምን ያህል ይጮሃል?” አትበሉ። “ለማን ነው?” በሉ። ቤታችሁ ውስጥ ማታ ማታ “ሞቀኝ” እያለ ደጅ የሚቀመጥ ሰው ካለም፣ እስኪ አንድ ጊዜ በደንብ ጠይቁት። ሙቀት ላይሆን ይችላል።